የጋሼ ዋለ የፊት ፍሬን

አጋም ውሃ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለበእውቀቱ፣ ዱባይ።

ከሁሉ አስቀድሞ የአገርህ ታቦት ከክፉ ነገር ይሰውርህ፤ በሄድክበት የሰው ፊት ይብራልህ። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና አለን። ገብሱ ታጭዷል፣ ስንዴው ገና አውድማ ላይ ነው። እናትህ፣ እህቴ በዛች፣ እግሯ ላይ ያለው የስኳር ቁስል ባይሽርም አልባሰም። የመካነ ሰላም ሐኪሞች ማክሰኞና ዓርብ እየመጣች ቁስሏን ትታጠብ ባሉት መሠረት፣ አንተ በላክልን ሞተር ሳይክል እኔው ራሴ አመላልሳታለሁ። ባለፈው ክረምት ጎረምሶች በቃሬዛ ሲያወጧት መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ነበር። አሁን መንደሩ ሁሉ እያየ ነው የምታልፈው፤ ምርቃቷ ላንተ ይድረስ።

በሞተሩ ነገር ሐሳብ አይግባህ፣ አብሽር። ዕድሜዬን ሙሉ በቅሎ ስገራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚህ እስከ ደጎሎ "ዋለ የገራት ናት" ከተባለ የበቅሎ ዋጋ እንደሚጨምር ታውቃለህ። ሞተርም ያው በቅሎ ነው፤ ልዩነቱ ገብስ አለመብላቱ ብቻ ነው። ከተማ ጋራዥ ያለው አህመዲን ገና እንዳየው፣ "ጋሼ ዋለ፣ የፊት ፍሬን ሰው ይጥላል፤ እዚህ አገር ሁሉም ያስፈታዋል" ብሎ ሽቦውን አውጥቶልኛል። መያዣው ባዶውን እንዳይቀር የዝንብ ጭራዬን አንጠልጥዬበታለሁ። ከከተማ ስንመለስ ቁልቁለቱን ሞተሩን አጥፍቼ እለቀዋለሁ። ቤንዚን አይበላ፣ ድምፅ የለው፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። እናትህን እንደ ወጉ በጎን አስቀምጣታለሁ፤ ኩርባ ስንደርስ "ወደ ተራራው ተደገፊ" እላታለሁ። በበቅሎ ገደል ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ሸክም ወደ ተራራ ያዘነብላል እንጂ ወደ ገደል አያዘነብልም።

ነፋሱ ዓይኔን እያስነባው ስለሆነ ጥቁር መነጽር ላክልኝ። ትላልቅ ሰዎች የሚያደርጉት ዓይነት ቢሆን እወዳለሁ። ስልኩ ኔትወርክ እንቢ ካለ ወራት ስለሆነው፣ ያቺ ከዱባይ የተመለሰችው ጎረቤታችን ሀጀራ ይህን ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ታደርስልሃለች።

አጎትህ ዋለ


ዱባይ፣ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዋለ፤

ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለእናቴ፣ ለሀጀራና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ፀጉሬ ይቆማል። አጎቴ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ የፊቱን ፍሬን አስፈትተው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ እናቴን በጎን አስቀምጠው ያንን ቁልቁለት ይወርዳሉ? ይህንንም ደስ ብሎዎት ይጽፉልኛል?

እንደሚያውቁት እኔ እዚህ እንጀራዬ በሞተር ምግብ ማድረስ ነው። ሥራውን ሳይሰጡን በፊት አንድ ፓኪስታናዊ አሰልጣኝ ባዶ ሜዳ ላይ በፀሐይ እየጠበሰ፣ ከማቆም በቀር ምንም አላስተማረንም። "መንዳት ሁሉም ይነዳል" ይል ነበር፣ "መቆም ነው ጥቂቱ የሚችለው።" ከእሱ የተማርኩትን እነግርዎታለሁ፤ እባክዎን አይናቁት። ፍሬን ሲይዙ የሞተሩም የሰዎቹም ክብደት ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። የኋላው ጎማ ያኔ ቀሎ ነው የሚገኘው፤ እሱን ብቻ ቢረግጡት ይንሸራተታል እንጂ አይቆምም። የኋላ ፍሬን ብቻውን የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም። የፊቱ ሰው የሚጥለው በድንገት ጨምድደው ከያዙት፣ ወይም ሞተሩ ኩርባ ውስጥ አጋድሎ ሳለ ከያዙት ነው። ገና ቀጥታው መንገድ ላይ እያሉ ሁለቱንም አንድ ላይ ይያዙ፤ በስሱ ጀምረው ያጥብቁት። ፍጥነቱ ከኩርባው በፊት ይቀንስ፤ ከዚያ ፍሬኑን ለቀው ይግቡ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አይጥፋ፤ በሁለተኛ ማርሽ ከሆነ ሞተሩ ራሱ ይይዝልዎታል።

የመደገፉ ነገር ደግሞ፣ ወደ ተራራ የሚባል ነገር በሞተር ላይ የለም። እናቴ ሞተሩ ወዳጋደለበት አብራ ማጋደል አለባት፣ ተራራም ይሁን ገደል። እግሯንም አንፈራጥጣ ትቀመጥ፤ በበቅሎም የተቀመጠችው እንዲያ ነው።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ሁለት ሄልሜትም አብሮ አለ። ለእናቴ ይህን ሁሉ ያንብቡላት።

ልጅዎ በእውቀቱ


አጋም ውሃ፣ የካቲት 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለበእውቀቱ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ፤ በባዕድ አገር ያለውን ሰው ሁሉ አምላክ ያስበው። እናትህ ደህና ናት። እኔም ደህና ነበርኩ፣ ደብዳቤህ እስኪደርስ።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይሉ ነበር አባቶቻችን። በቅሎ ላይ ሰቅዬ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ? የአቦሉን ወንዝ ስንሻገር አንገቴን አንቀህ "አጎቴ አትልቀቀኝ" ስትል የነበርከው ማን ነው? አሁን በአስፋልት ላይ፣ መብራት ቁም ሲልህ እየቆምክ፣ ድንጋይና ጭቃ ላይ የምነዳውን ሰው ታስተምራለህ። ፓኪስታናዊው የሾላውን ኩርባ አይቶታል? ይምጣና ይውረደው። የኋላ ፍሬንን አህያ ብለህ የሰደብክበትን ነገር ለማንም አላነበብኩትም፤ አህመዲን ቢሰማ ይቀየማል።

መነጽሩ ደርሶኛል፣ ጥሩ ነው። ሄልሜቱም ደርሷል። እኔ ገበያ ቀን አደርገዋለሁ። እናትህ ግን በሻሿ ላይ ድስት አልደፋም አለች። ወስዳ ከጓዳ አስቀመጠችው፤ ቀይዋ ዶሮ ገብታ እንቁላል ጣለችበት፤ አሁን ታቅፋለች። ዶሮዋን ላስነሳት ብል እህቴ ምርኩዟን አነሳችብኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የሞተሩ የቀኝ መስታወት ተሰብሯል። ሞተሩ አንድ ቀን ደክሞት ጎኑን አሳርፎ ነበር፤ ምንም አይደለም። እዚህ የሚገኘው ፊትን ሁለት ያደርጋልና፣ ከዚያ ዋናውን ላክልኝ። ሥራህ እንዴት ነው? ከስተሃል ብሎ ያየህ ሰው ነግሮናል።

አጎትህ ዋለ


ዱባይ፣ መጋቢት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

የእመቤታችን ጥላ አይለያችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ሞተር አይደክመውም፣ አጎቴ። ሞተር ጎኑን አያሳርፍም። ሞተር ይወድቃል፤ ሲወድቅም ላዩ ላይ ሰው አለ። እኔ አሁን ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን ከኋላ እናቴ ነበረች ወይ?

የተሰበረው የቀኙ መሆኑም የት እንደወደቃችሁ ነገረኝ። ከከተማ ስትመለሱ ተራራው በግራ፣ ገደሉ በቀኝ ነው። የሾላው ኩርባ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ በኩል ማጋደል አለበት። እናቴ ግን እርስዎ እንዳዘዟት ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው ትደገፋለች። ሁለታችሁ እዚያ ኩርባ ላይ አንዱን ሞተር ወዲያና ወዲህ ትጎትታላችሁ። ሞተሩ አልታጠፍም ሲልዎት እርስዎ ይደነግጡና የኋላውን ፍሬን ይረግጣሉ፤ ጎማው ይንሸራተታል፤ በቀኝ ጎን ይተኛል። ሳላይ አየሁት ማለት ነው። በቅሎ አራት እግር አላት፤ እርስዎ ቢሳሳቱ እሷ ታርመዋለች። ሞተር ግን የነገሩትን ብቻ ነው የሚሠራው።

ስለ በቅሎ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አልካድኩም። ባላከብርዎ ኖሮ እንዲህ ጥርሴን ነክሼ በትሕትና አልጽፍም ነበር። መስታወቱን ልኬያለሁ። እባክዎን የፊቱን ፍሬን ሽቦ ያስመልሱ። ዶሮዋንም ያስነሷት።

ጥያቄዬን እንዳይረሱት።

ልጅዎ በእውቀቱ


አጋም ውሃ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለበእውቀቱ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። በዓሉን ደስ ብሎን ዋልን። ሀጀራም መጥታ ከእኛ ጋር ዋለች፤ እኛም ለኢድ እሷ ዘንድ ሄድን። የበልጉ ዝናብ ጥሩ ነው። ገብሱ እንዲህ አምሮ አያውቅም፤ ብታየው ትደነቃለህ። ዶሮዋ ጫጩቶቿን አውጥታለች፣ ሁሉም ደህና ናቸው።

መስታወቱ ደርሶኛል። አሁን ደግሞ የቀኙ የእግር ማሳረፊያ ብረት ተጣሟል፤ አህመዲን አቃንቶልኝ ነበር ግን ተመልሶ ይጣመማል። ከተገኘ ላክልኝ። ጓንትም ቢኖር አልጠላም፤ መዳፌን ትንሽ ድንጋይ ፍቆኛል።

እናትህ ደህና ናት። ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ ዋለ


ዱባይ፣ ግንቦት 7 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤና ይስጥልኝ።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። እኔ እናቴ ወድቃ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ እርስዎ የገብሱን ማማርና የጫጩቶቹን ጤና ጻፉልኝ። በቀኝ በኩል መስታወት፣ በቀኝ በኩል የእግር ብረት፣ አሁን ደግሞ መዳፍ! አጎቴ፣ የሚቀጥለው ምንድን ነው የሚታዘዘው? የእናቴ ቀኝ እግር ነው? ያም እግር እኮ የታመመው ነው!

ብረቱን አልልክም። ጓንቱን ልኬያለሁ። ክረምቱ ሳይገባ የፊቱ ፍሬን ካልተመለሰ ሞተሩ ይሸጥና በቃሬዛ ትመላለስ። ይህን የምጽፈው ቃሬዛው ምን እንዳደረጋት እያወቅሁ ነው። እርስዎ ግን ሌላ መንገድ አላስቀሩልኝም።

እርስዎ ደብዳቤዬን ለእናቴ ሲያነቡላት የማይፈልጉትን እንደሚዘልሉ ስለገባኝ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሀጀራ ራሷ እንድታነብላት አደራ ብያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እምዬ፣ እንደምን አለሽልኝ። እግርሽስ እንዴት ነው? አጎቴ እንደሚወድሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወደ ተራራው ተደገፊ ያለሽ ስህተት ነው። በቅሎ ላይ ልክ ነው፤ ሞተር ላይ ስህተት ነው። አንፈራጥጠሽ ተቀመጪ። ወገቡን ያዢው። ኩርባው ወደ ቀኝ ሲሆን በቀኝ ትከሻው በኩል መንገዱን እዪ፤ ወደ ግራ ሲሆን በግራ ትከሻው በኩል። ዓይንሽ ከሄደ ገላሽ ይከተላል። በሾላው ኩርባ ላይ ይህ ማለት ወደ ገደሉ መደገፍ ነው። እንደምትፈሪው አውቃለሁ። ወደ ተራራው ከሸሸሽ ግን ሞተሩ ይጥላችኋል፤ አብረሽው ካጋደልሽ ያልፋል። እመኚኝ። አጎቴም መጀመሪያ ብቻውን ሜዳ ላይ ይለማመድ፤ ሲችል አንቺው ፍረጂለት።

ልጅሽ በእውቀቱ


አጋም ውሃ፣ ሰኔ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለበእውቀቱ፤

ጤናና ሰላም ይብዛልህ ብዬ ልጀምርና ቁጣዬን ወደ ኋላ ላቆየው።

ሀጀራ ደብዳቤህን በእናትህ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብላ አነበበችው። በቅሎዋ እናቴ ፈረስ ናት ያለችው ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር። እናትህ አልሳቀችም። "ዋለ" አለችኝ፣ "ልጄ ወዴት ተደገፊ እንዳለኝ ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀኸኝ ኖረሃል?" "አልደበቅሁም፤ ዘለልኩት እንጂ" አልኳት። "እንግዲያው ሽቦው እስኪመለስ እግሬ ቢበሰብስም አልወጣበትም" አለች። እህቴን ታውቃታለህ፤ አልወጣም ካለች የደብሩ አለቃ ቢለምናትም አትወጣም።

ለጥያቄህ መልሱ አዎ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ከኋላ ነበረች። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ላይ ነው የወደቀችው፣ እግሯንም አልነካትም። አልነግረውም ያልኩት አንተ እዚያ ሆነህ ምንም ስለማታደርግ ነው። እናም ስለምታፍርብኝ ነው።

አህመዲን እያጉረመረመ ሽቦውን መለሰው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ወጣሁ። ተዋረድኩልህ! እኔ ዋለ፣ ስንቱን አውሬ በቅሎ የገራሁት ሰው፣ ሕፃናት እያጨበጨቡ፣ ሴቶች አጥር ላይ ተደግፈው፣ ፍሬን መያዝ ስማር ዋልኩ። እናትህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በምርኩዟ ታዘኛለች። መጀመሪያ የፊቱን ጨምድጄ ያዝኩትና በአፍንጫዬ ልተከል ለጥቂት ተረፍኩ። "አየሽ! ይጥላል አላልኩም?" አልኳት። "ላም እንዲህ ብታልብ ትረግጥህ ነበር" አለችኝ። "ጡት አይመነጨቅም። በስሱ ጀምርና ጠበቅ አድርገው።" አንተ ስንት ገጽ የፈጀህበት ነገር እንዲህ ተባለና ገባኝ። ይህን ስላልኩህ ደስ እንዳይልህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ያለፈው ማክሰኞ ቁስሏን አሳጥባ ስንመለስ ካፊያ ነበር። የሾላው ኩርባ ሳንደርስ ቀጥታው ላይ ከታች ጡሩምባ ሰማሁ። አንድ የጭነት መኪና እህል እስከ አፉ ተጭኖ፣ መሐል መንገዱን ይዞ እያቃሰተ ይወጣል። ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ፤ በስሱ ጀምሬ አጠበቅሁት። ማርሹን ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ አልተንሸራተተም፤ ወላሂ ነው የምልህ፣ አጎንብሶ ቀነሰልኝ። ኩርባው አፍ ላይ ለቀቅሁትና ገባሁ። በግራ ሹፌሩ ይጮሃል፤ በቀኝ ገደሉ ነው፤ መታጠፍ ያለብኝ ወደ ገደሉ ነው። እናትህ እንደ ልማዷ ወደ ተራራው ብትሸሽ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር።

"ተደገፊ" ልላት ስል ቀደመችኝ። ወገቤን አጥብቃ ያዘችና "በእውቀቱ ብሏል" ስትል ሰማኋት። ከዚያ አገጯን በቀኝ ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ ገደሉ ተደገፈች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚያ ገደል ስትሸሽ የኖረች ሴት፣ ልጄ ጽፎልኛል ብላ ገላዋን ወደ ገደሉ ሰጠችው። ሞተሩ ታጠፈ። የመኪናው ጎን የሞተሩን የግራ እጀታ ሊነካ ለጥቂት ቀርቶት አለፈ።

ከኩርባው ወጥቼ አቆምኩና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ከሞተሩ አልወረደችም። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አጥቁራ አየችኝ።

"ዋለ፣ ከእሱ ኋላ ማን አለ?"

"ከማን ኋላ?"

"ከልጄ ነዋ! እዚያ ሆኖ ሁለታችንን በኩርባ ያሳልፈናል። እሱን ማን ይይዘዋል? አብሮት የሚደገፍ ማን አለ?"

"ከኋላው ሳጥን ነው የሚጭነው" አልኳት። "የሰው ምግብ ያለበት ሳጥን።"

"ሳጥን!" አለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሐኪሞቹ ቁስሉ እየጠገገ ነው፣ በሳምንት አንዴ ይበቃታል ብለዋል። ብረቱንም አትላክ፤ አህመዲን በብየዳ አጠንክሮታል። ከእንግዲህ የምንፈልገው ዕቃ የለም። ስለ ፍሬን ከጻፍክ ግን እናትህ አልሰማም ብላለች። በስንት ደብዳቤ እኔ እንዴት እንደምቆም አስተማርከኝ፤ አንተ የት እንደምታድር፣ ማታ ከማን ጋር እንደምትበላ፣ እዚያ አስፋልት ላይ ወድቀህ እንደሆነ፣ ከወደቅክስ ማን እንዳነሳህ አንዲት መስመር የለችበትም። "ደህና ነኝ" ትላለህ። እኔም "እናትህ ደህና ናት" እልህ ነበር።

የሚቀጥለውን ደብዳቤ ሀጀራ ናት ጮክ ብላ የምታነብላት። ምንም አትዝለል።

አጎትህ ዋለ